ገፈርሳ ወይስ አባ ሳሙኤል?

የካቲት ሲጋመስ፣ ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ዳክዬዎች ለመመለስ መሰናዳት ይጀምራሉ። እነሱን ለማየት ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብቻ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ካሉት ከእነዚህ ሁለት ግድቦች የቱ ይሻላል?

ገፈርሳ ቅርብ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ ጠባቂዎቹን ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ይገባል። ጋቢ አትርሱ፣ ጠዋት ይበርዳል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ሣር ሲግጥ ይታያል፤ ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስደግፎ ነው። እሱ ግን ስደተኛ አይደለም፣ ባለአገር ነው።

ስደተኞቹን በብዛት ለማየት እኔ አባ ሳሙኤልን እመርጣለሁ። በአቃቂ በኩል ነው። አንዱ ዳክዬ ምንቃሩ እንደ አካፋ ሰፍቶ ውኃውን እያጣራ ይበላል፣ ሌላው ጭራው እንደ ወስፌ ሾሏል። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎችም በአካባቢው ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ።

ሽታው ግን ያሳዝናል። የአቃቂ ወንዝ የከተማችንን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባው እዚሁ ነው፣ እምቦጩም ውኃውን ይሸፍነዋል። ከሕፃናት ጋር ከሆናችሁ ገፈርሳ ሂዱ። ብቻችሁን ከሆናችሁና የርቀት መነጽር ካላችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ አቃቂ ተነሡ።