ናይሮቢ ለሚሄድ የድሬ ልጅ፦ ካሩራ ወይስ ንጎንግ?

የእህቴ ልጅ ከድሬዳዋ ለትምህርት ናይሮቢ ሊሄድ ነው። በእግር መንሸራሸር ነፍሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ አወዳድሬ ነገርኩት።

ካሩራ ጫካ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ስፋቱ 1,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን ዙሪያው በኤሌክትሪክ አጥር ታጥሯል። ከፍለህ በበር ትገባለህ፤ ጥበቃ አለ። ጫካው ለግንባታ እንዳይሸነሸን ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ ብዙ ታግለውለታል። ብቻውን ቢሄድም ብዙ አልሰጋም፤ ሳይመሽ ይውጣ እንጂ።

ንጎንግ ሌላ ነው፤ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ያለ ተራራማ ቦታ ነው። ጫፉ 2,460 ሜትር ይደርሳል፤ ድሬ 1,200 ገደማ ናት። ዳገት ቁልቁለቱ አያልቅም። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች ተተክለውበታል። በድሬ ሙቀት ላደገ ልጅ ጃኬት ግድ ነው! ከዚህ በፊት ዝርፊያ ስላጋጠመበት መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ቀጥሮ መውጣት የተለመደ ነው። «ለብር አትሳሳ፣ ጠባቂ ያዝ» አልኩት። ከጓደኞቹ ጋር፣ በጠዋት ይውጣ። ትርፍ ብር ቤት ይተው። የሚመለስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገር።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ካሩራ ይሁን ባይ ነኝ። ንጎንግ አገሩን ሲለምድ፣ ትንሽ ስዋሂሊም ሲይዝ ይደርሳል።