ኤስኪውላይት ወይስ በርክሊ ዲቢ? ማኑዋሉን አይታችሁ ምረጡ

በሲ ቋንቋ ለምትጽፉት ፕሮግራም ዳታቤዝ ስትመርጡ «የቱ ይፈጥናል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እኔ ቀድሜ የማየው ማኑዋሉን ነው። ሲ ላይ ሜሞሪውን ማን ፍሪ እንደሚያደርግ (እንደሚለቅ) ካልተነገራችሁ ፍጥነቱ አያድናችሁም።

ዋጋ እናስቀድም። ኤስኪውላይት ፐብሊክ ዶሜይን ነው፤ ባለቤት የለውም። ጠበቃቸው ወረቀት ካላየ የማይረጋጋ ድርጅቶች የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ የዋስትና ወረቀት በ6000 ዶላር ይገዛሉ። እናንተ አትግዙ። በርክሊ ዲቢንም በነጻ ታወርዳላችሁ። ግን ባለቤቱ ኦራክል ከ2013 ጀምሮ አዲሶቹን ቨርዥኖች ያወጣው በኤጂፒኤል (የራሳችሁንም ኮድ ክፍት እንድታደርጉ በሚያስገድድ) ፈቃድ ነው። ኮዳችሁን ደብቃችሁ ፕሮግራሙን ልትሸጡ ካሰባችሁ የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ምንዛሪውን ራሳችሁ ምቱ።

ወደ ማኑዋሉ። ኤስኪውላይት ጽሑፍ ሲያወጣላችሁ ፖይንተሩ (የጽሑፉ የሜሞሪ አድራሻ) እስከ መቼ እንደሚያገለግል እዚያው የፈንክሽኑ ገጽ ላይ ይነግራችኋል፦ የዳታው ዓይነት እስኪቀየር፣ ወይም ስቴፕ፣ ሪሴት ወይም ፋይናላይዝ የሚባሉትን ፈንክሽኖች እስክትጠሩ። ባይንድ (ዳታ ማስገቢያው) ከ1፣ ኮለም (ዳታ ማውጫው) ከ0 እንደሚቆጥርም ተጽፏል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከሁሉ የምወድለት፣ የፈንክሽኖቹ ማብራሪያ ሄደር ፋይሉ ውስጥ ኮሜንት ሆኖ መቀመጡ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሄደሩን ከፍቶ ማንበብ ነው።

በርክሊ ዲቢ ላይ ዳታ ለማውጣት ጌት የሚባለውን ፈንክሽን ገጽ ትከፍታላችሁ። የሜሞሪው ጉዳይ ግን ዲቢቲ የሚባለው ስትራክት (የዳታ መያዣ) ገጽ ላይ ነው። ስትራክቱ ከመጠቀማችሁ በፊት በዜሮ መሞላት እንዳለበትም እዚያ ነው የምታገኙት። ተጽፏል፣ ግን ፈልጉት ነው ነገሩ። ስለ ትራንዛክሽንና ሪከቨሪ ያለው መመሪያ ግን ግሩም ነው፤ ባትጠቀሙበትም አንብቡት።

ኤስኪውላይትም እንከን አለው። ፈጣን መግቢያው ላይ ያለው የሲ ምሳሌ በኤግዜክ (የትእዛዙን ጽሑፍ እንዳለ ተቀብሎ በሚያስኬደው ፈንክሽን) ነው የሚሠራው፤ ጀማሪ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ የሚቸረቸሩ ፒዲኤፎችም ያንኑ ይገለብጣሉ። በ200 ብር ከተሸጠ አንድ ፒዲኤፍ የተቀዳ የሱቅ ፕሮግራም ጠግን ተብዬ ነበር። የደንበኛውን ስም በኤስፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ በሚገጣጥመው የሲ ፈንክሽን) ኤስኪውኤሉ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ፣ ውስጥ ይሰካዋል። እንደ በእምነት ያለ ስም በላቲን ፊደል ከነአፖስትሮፉ ሲገባ፣ ዳታቤዙ አፖስትሮፉን የጽሑፉ መዝጊያ አድርጎ ስለሚያነበው ምዝገባው ቀጥ! ጥገናው የፒዲኤፉን ስንት እጥፍ እንዳስወጣው ባለሱቁ ያውቃል።

ስለዚህ ኤግዜክን ዝለሉና የሲ መግቢያውን ገጽ አንብቡ፤ ከዚያ በፕሪፔር (ትእዛዙን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ) እና በባይንድ (ዳታውን ለብቻው የሚያስገባ) ጀምሩ። ማኑዋሉ ሙሉውን በዚፕ ይወርዳል፣ በነጻ። ዋይፋይ ያለበት አውርዳችሁ ያዙት።