የሰንበት ትምህርት ቤቱ የልጆች ክፍል እንዴት ነው? የአንዲት እናት አስተያየት

የምጽፈው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስላለ የአንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ነው። የማነሳቸው ችግሮች ስላሉ ስሙን አልጠራም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አሥራ ሦስት። ሁለቱም እዚሁ ነው የተወለዱት። ለትንሹ ክፍሉ ግሩም ነው። ለትልቋ ግን ብዙ ይቀረዋል።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ፊደልና ንባብ አለ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የሃይማኖት ትምህርትና መዝሙር። ክፍያ የለውም፣ ለመጽሐፍና ለመክሰስ የምትችሉትን ታዋጣላችሁ። አስተማሪዎቹ በነጻ ነው የሚያገለግሉት፣ አንዳንዶቹ እዚህ ያደጉ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ አለ፤ ልጅ የሚወጣውም ወላጅ ፈርሞ ሲረከበው ብቻ ነው። ለዚህ ጥንቃቄያቸው በጣም አመሰግናቸዋለሁ። ፓርኪንግ እሁድ እሁድ ይጠፋል፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

በጣም የወደድኩት በክርስትና ስም ላይ የሚሠሩትን ሥራ ነው። ልጁ ሲመዘገብ የክርስትና ስሙን ይጠይቃሉ፣ ክፍል ውስጥም በእሱ ነው የሚጠሩት። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ገብርኤል እየተባባሉ ሲጫወቱ መስማት እንዴት ደስ ይላል! ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጧቸዋል። የት ተጠመቅህ? የክርስትና አባትህ ማን ነው? ልጁ ቤት ገብቶ ይጠይቃል፣ እናት ፎቶ ፍለጋ ትነሳለች፣ አዲስ አበባ ላሉት አያት ይደወላል፣ እሳቸውም ስንት ዓመት ያልተነሳ ወሬ ያወራሉ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና እንደሚነሱ ሁላችንም እናውቃለን። ቁጭ ብሎ ያንን ቀን ለልጁ የሚተርክ ወላጅ ግን ብዙ አላየሁም። ትንሹን ልጄን የትምህርት ቤት ጓደኛው አንገቱ ላይ ያለውን ማዕተብ እያየ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ "ክርስቲያን ስለሆንኩ ነው፣ ሕፃን ሆኜ ነው ያሰሩልኝ" አለው። ሳያፍር፣ ሳይደብቅ። ይህን መልስ ከቤት አስጠንቼ አልላክሁትም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ለሚያድግ ልጅ ማንነቱን የሚነግረው ሰው በዝቷል። ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለሙ ይመድበዋል፤ ዘመድ "አማርኛ እንኳን አትችልም፣ ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ" ይለዋል፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ዓለም ደግሞ በመልኩና በልብሱ ይመዝነዋል። እኔ የማምነው ልጅ ከዚህ ሁሉ በፊት የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ነው። በጥምቀት ያገኘውን ልጅነት አማርኛው ስለተሰባበረ አያጣውም፣ ፈተና ስለወደቀም ማንም አይነጥቀውም። ይህ ከሥር ከተያዘ ኢትዮጵያዊነቱና አሜሪካዊነቱ ሳይጣሉ አብረው መኖር ይችላሉ። የትንሾቹ ክፍል ይህን በስብከት ሳይሆን በስማቸው እየጠራ፣ ከበሮ እያስያዘ፣ ለሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት እያሠራ ነው የሚያስተምራቸው።

ለወላጅም ያግዛሉ። ገና እዚህ ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል ብዙ ጊዜ ትምህርት አለ፤ ልጁ የቀረው ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጅተው ይሰጣሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባም ለምሳ ዕቃ የሚሆን የጾም ምግብ ዝርዝር ያድላሉ። 55 ቀን ሙሉ አይብና እንቁላል የሌለበት ምሳ ማሰብ ቀላል አይደለም፣ ይህችን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፌያታለሁ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ክፍል። ትምህርቱ ከባድ በሆነ የመጽሐፍ አማርኛ ነው የሚሰጠው፣ መሀል መሀል ግዕዝ ይገባበታል፣ ልጆቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። ልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፣ ግን "ምሥጢረ ሥጋዌ" (አምላክ ሰው የሆነበት ምሥጢር) ሲባል ማንም ካላብራራላት ከየት ታመጣዋለች? አንድ ቀን ሴቶች ለምን መቅደስ ውስጥ አያገለግሉም ብላ ጠየቀች። መልሱ "እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠየቅም" ሆነ። ሌላ ቀን ደግሞ አስተማሪው "እናንተ አሜሪካዊ አይደላችሁም" አላቸው። በቅን ልብ፣ አገራቸውን እንዲወዱ ብሎ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን እዚህ የተወለደች ልጅ ይህን ሰምታ ምን ታድርገው? ትምህርት ቤት ሌላ ነሽ ትባላለች፣ ቤተ ክርስቲያንም መጥታ እንዳለች የሚቀበላት የለም ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው የሚለው (ኤፌ. 6፥4) ለመምህራንም ይሠራል።

በዚሁ ክፍል ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በኩራት ይማራሉ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ አገራቸውን እዚያ ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል። ግን ታሪኩን እስቲ አስተውሉት። ሰውየው ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል፣ አልገባውም፣ አልገባኝም ለማለትም አላፈረም። ፊልጶስም ዝም በል አላለውም። ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ከዚያው ካልገባው ቦታ ጀምሮ አስረዳው፣ በመጨረሻም አጠመቀው። ይህን የሚያስተምር ክፍል ጥያቄ መፍራት የለበትም።

መፍትሔው ደግሞ እዚያው እጃቸው ላይ አለ። እዚህ ያደገች አንዲት ወጣት አስተማሪ አለች፣ ትምህርቷ ስለሚይዛት አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው። እሷ የገባች ቀን ክፍሉ ሌላ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታስተምራለች፤ ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፣ ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፣ እሷ እያወጣች ትመልሳለች። ያላወቀችውን "ቄሱን ጠይቄ እነግራችኋለሁ" ትላለች፣ ጠይቃም ትነግራቸዋለች። ልጄ ከዚያ ክፍል ስትወጣ መኪና ውስጥ ወሬዋ አያልቅም። ኃላፊዎቹ ይህን ካነበቡ፣ እባካችሁ እንደሷ ያሉ ሁለት ሦስት ወጣቶች ፈልጉና በተራ መድቡ።

በቪዲዮ የሚሰጡ የአማርኛ ትምህርቶችንም አይቻለሁ፣ ለፊደል አይከፉም። ግን አብሮት የሚዘምር እኩያ፣ በክርስትና ስሙ የሚጠራው ጓደኛ በስክሪን አይገኝም። ለእኔ ልዩነቱ እሱ ነው።

ከአሥር ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ሳታመነቱ አስመዝግቡ። ምዝገባው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው፣ የክርስትና ስሙንና የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁ ሂዱ። ለትልልቆቹ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ እሁድ ክፍሉ ውስጥ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ማን እንደሚያስተምርና ጥያቄ እንደሚቀበል እዩ። ተመዝግበው ከሆነም ልጁን በር ላይ ጥላችሁ ቡና ለመጠጣት አትሂዱ። ወላጅ ሲቀመጥ አስተማሪውም ይጠነቀቃል፣ ልጁም ቤት ሲደርስ የተማረውን የሚያወራው ሰው ያገኛል።