የዝዋዩን ጀልባ ቀዛፊ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ወፍ ፎቶ ማንሳት የምትወዱ ሁሉ ይህን ጥቆማ ያዙልኝ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ባቱ ከተማ ዳር ካለው የጀልባ መነሻ የሚሠሩ አንድ ጀልባ ቀዛፊ አሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ትቼዋለሁ። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ጀልባ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ባቱ ያለችው ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ማዶ፣ ፊት ለፊታችሁ ነው። ዳር ላይ ቆማችሁ ካነሳችሁ ሽመላውም ሳቢሳውም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። እሱም ያምራል። ዓይኑን፣ ላባውን፣ የእግሩን ቀለም ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን አይሆንም። ጋሼ ይህን ካሜራ ከያዘው ሰው በላይ ያውቁታል። ጎህ ሳይቀድ ይዘዋችሁ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ጀልባዋን ያዞሩና ፊቷን ወደ ቄጠማው ያደርጓታል። ፀሐይ ብቅ ስትል ከጀርባችሁ ናት፤ ብርሃኑ ሁሉ ወፎቹ ላይ ያርፋል።

እኛ አገር ደግሞ ፀሐይ ጊዜ አትሰጥም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከወጣች በኋላ ሽቅብ ነው የምትገሰግሰው። ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አይቆይም። ስለዚህ ጋሼ የዋጋውን ነገር ማታውኑ ይጨርሳሉ። ጠዋት ላይ ጭማሪ የለ፣ ክርክር የለ፣ ነዳጅ ልቅዳ የለ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለወፎቹ ስላላቸው ክብር ነው። ከዚህ ቀደም ሌላ ሐይቅ ላይ የተሳፈርኩበት ጀልባ፣ ሲበሩ እንድናነሳቸው ተብሎ፣ በሞተር መንጋው መሃል ሲገባ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲበርደው አድሮ ምግብ የሚፈልግን ወፍ በጠዋት ማባረር ጭካኔ ነው። ጎጆ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ብድግ ባለ ቁጥር እንቁላሉ ለጭልፊት ይጋለጣል። ጋሼ ሞተሩን ገና ከሩቅ ነው የሚያጠፉት። ዝዋይ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን በረጅም እንጨት መሬቱን እየገፉ ይጠጋሉ። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

አንድ ጠዋት ጃካና የሚባለውን ወፍ ያገኘነው እንደዚህ ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ግንባሩ ሰማያዊ፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው። በእነሱ ነው ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ሳይሰምጥ የሚራመደው። የዚህ ወፍ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። ጠጋ ብዬ ላንሳ ስል ጋሼ ክንዴን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ አንሄድም። እሱ ይመጣል» አሉኝ። መጣም። ጭልፊት በላያችን ሲያልፍ አባትየው ተቀመጠ፤ ጫጩቶቹ ክንፉ ሥር ገቡ፤ ከዚያ ሰብስቧቸው ተነሳ። ከክንፉ ሥር ቀጫጭን እግሮቻቸው ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። ያን ፎቶ ያገኘሁት በእሳቸው ትዕግሥት ነው።

ከሌላ ቦታ የማታገኙት ነገር ልጨምር። ጀልባዋ ላይ የጤፍ ጭድ የሞሉት ማዳበሪያ አላቸው። ሌንሱን እሱ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ጎን ዘንበል ስትሉ ካሜራው ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ወፉን ቁልቁል ሳይሆን ዓይን ለዓይን ታነሱታላችሁ። ሳቢሳ ሲገጥማችሁ ደግሞ ካሜራችሁን አንድ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ ነው) ገደማ ጨለም አድርጉ፤ አለዚያ ነጩ ላባ ፎቶው ላይ ይቃጠላል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። በቢጫ ጣቶቹ ጭቃውን እያማሰለ ትንንሽ አሣ ሲያስደነግጥ ጠብቁት፤ የሚያምረው እዚያ ላይ ነው። አባ ኮዳውና ፔሊካኑ ከአሣ አጥማጆቹ የሚጣለውን ሲጠብቁ ስለሚውሉ እነሱን ከዳርም ታገኟቸዋላችሁ። ለእነሱ ብላችሁ የጀልባውን ሰዓት አታባክኑ።

ጉማሬ የሚውልበትን አካባቢም ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ምንም ያህል ገንዘብ ብትጨምሩላቸው አይጠጉም። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ሰውም አያሳፍሩም። በዚህ አትከራከሯቸው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከአዲስ አበባ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊት ነድቼ እደርሳለሁ አትበሉ፤ ዋዜማውን እዚያው እደሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት የጭቃ ዳር ወፎችም ይኖራሉ። ረፋድ ላይ ንፋስ ስለሚነሳ ሙሉውን ጠዋት ተከራዩ እንጂ በሰዓት አትደራደሩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ከማታው 2 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ቶሎ ነው የሚተኙት።