«ይሄ ወተት አለው» የሚሉ ሻጭ፦ ላፍቶ ወንዝ ዳር ያለው ችግኝ መሸጫ

ችግኝ የምትገዙበትን ቦታ በዋጋና በአበባው ማማር ብቻ የምትመርጡ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ተክሉ ሲሰበር ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ወተት የሚያፈስ ከሆነ ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል? ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ሰማያዊ ሸራ ወጥረው የሚሸጡት አዛውንት ይናገራሉ። ይህን አስተያየት የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው። መሸጫው ሰሌዳ የለውም፤ የሰፈሩ ሰው «የጋሼ ችግኝ» ይለዋል።

ለረጅም ዓመታት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። አሁን የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው፤ የሄድኩትም ለእሱ ተክል ፍለጋ ነው። «ጋሼ፣ የልጆች ግቢ ነው» ስላቸው እጃቸውን ከአፈሩ አወጡና «ስንት ዓመት ልጆች?» አሉኝ። አራትና አምስት ዓመት መሆናቸውን ስነግራቸው ከፊት የደረደሯቸውን ቀያይ አበቦች አልፈው ወደ ጓሮ ይዘውኝ ገቡ። «ልጄ፣ የፊተኛው መደብ ላንቺ አይሆንም። ደህና የሚሸጥልኝ እሱ ነው፣ ግን ለልጅ አይሆንም።» አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ብዙ ችግኝ ገዝቻለሁ፤ ይህን ያለኝ ሻጭ ግን አላጋጠመኝም።

የፊተኛው መደብ ላይ የነበሩት የእሾህ አክሊል የሚሏት ትናንሽ ቀይ አበባ ያላት ተክል፣ ገና ሲቃረብ ላይኛው ቅጠሏ የሚቀላው ፖይንሴቲያ፣ እና በየዕቃው የተተከለ ቅንጭብ ናቸው። የመጀመሪያዋ ከማዳጋስካር፣ ሁለተኛዋ ከሜክሲኮ የመጡ ቢሆኑም ሦስቱም የደጋው ቁልቋላችን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሲሰበሩ ነጭ ወተት ያፈሳሉ። የፖይንሴቲያ ወተት ለዘብ ያለ ነው፤ ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ላይ መቅላትና ማሳከክ ቢያመጣ ነው። የቅንጭብ ግን ሌላ ነው። ወተቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የዓይኑን ብሌን ሽፋን አቁስሎ ለጊዜው ማየት እስኪያቅት ያደርሳል።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም የምለው። ጤና ጣቢያ ሳለሁ የቅንጭብ አጥር ሲከረክሙ ውለው ዓይናቸው አብጦ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አጥሩ ከራስ በላይ ሲሆን ወተቱ የሚንጠባጠበው ፊት ላይ ነውና። አንዳንዶቹ ቤት ውስጥ የጡት ወተት ጠብ አድርገውበት፣ ጊዜው አልፎ ነበር የሚደርሱት። ዓይን ውስጥ ከገባ የሚያስፈልገው ወዲያውኑ በንጹሕ፣ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ቆዳ ላይ ከሆነ በሳሙና ታጠቡ፤ ወተቱ ሙጫነት ስላለው ውሃ ብቻውን በደንብ አያስለቅቀውም። ባልታጠበ እጅ ዓይን ማሸት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ያበላሻል።

ጋሼን ይበልጥ ያከበርኳቸው ጤና አዳም ጋ ስንደርስ ነው። ችግኙ 50 ብር ነው፣ ቅጠሉ የጠና፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ለመምህራኑ ቡና ብዬ ሁለት አነሳሁ። እሳቸው «ልጆቹ ከሚጫወቱበት አርቀሽ ትከዪው፤ በፀሐይ ቀጥፈው ከታሹበት ያቃጥላቸዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ በፀሐይ ብርሃን በቀላሉ እንዲቃጠል የሚያደርጉ ነገሮች አሉበት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እሳት የነካው መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሲድን የሚተወው ጥቁረት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀዝቃዛ መስላ የምታቃጥል ናት። ልጅ ደግሞ ሽታው ደስ ሲለው ቅጠሉን ይጨምቀዋል፣ ክንዱ ላይ ይቀባዋል፣ ከዚያ ቀትር ላይ ይሮጣል። ምልክቱ የሚወጣው ነገ ስለሆነ ከጤና አዳሙ ጋር የሚያገናኘው የለም። እናቶች በልጃቸው ክንድ ላይ እንዲህ ያለ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲያዩ ቶሎ የሚሉት «አልማዝ ባለጭራ ነው» ነው፤ ሕክምናውም በዚያው ይሳሳታል።

ጤና አዳምን ንቀሉ እያልኩ አይደለም። ቡና ላይ የምትጣል አንዲት ዘለላ ከዚህ ጋር አትገናኝም፤ እኔም ያለሷ ቡና አልጠጣም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስተከልኩት። የምትቀጥፈው ሴትም አመሻሽ ላይ እንድትቀጥፍና እጇን በሳሙና እንድትታጠብ ተነጋግረናል። ሎሚ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መቀመጥም፣ የበለስ ዛፍ ቅጠል ወተትም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ለግቢው የመረጡልኝ ሂቢስከስ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ጥግ ጥጉን የሚይዝ ጠጅ ሳር ነው። ሁሉም ይዘዋል። ጠጅ ሳሩ ዳሩ ስለታም ስለሆነ መግቢያው ላይ አታድርጉት። ከግቢያችን ስላለው ትልቅ ግራቪሊያም አማከርኳቸው። «ቅጠሉን ስትጠርጉ እጅጌ ይኑራችሁ» ብለው በአጭሩ ዘጉት። ግራቪሊያ ውስጥ ማንጎ ልጣጭ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ፣ ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር አለ፤ አንዴ የተቆጣ ቆዳ በሚቀጥለው ይብስበታል። እንዲህ የሚያሳክካቸው ሰዎች ብዙ ባይሆኑም ያለባቸው ሰዎች ይቸገራሉ።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ጋሼ በሌሉበት ጊዜ ይህ ሁሉ ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። ረዳታቸው ትሑት ልጅ ነው፤ ነገር ግን አንዲት እናት ሕፃን አዝላ የቤት ውስጥ ዲፈንባቺያ ስትገዛ ምንም ሳይናገር ሸጠላት። ዲፈንባቺያ ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች አሉት። ልጅ ከነከሰው ከንፈርና ምላስ ያብጣል፣ ምራቅ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅታል። ነገርኳትና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ እንደምታስቀምጠው ቃል ገባችልኝ። አንድ ወረቀት ላይ «ወተት አለው» ወይም «ልጅ አይንካው» ብሎ ጽፎ ዕቃው ላይ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል? ለጋሼ ይህን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰምተውኛልም፤ ኋላ ስመለስ ግን አልተለጠፈም ነበር።

ሁለተኛ፣ ያ ረዳታቸው ቅንጭቡን የሚቆርጠው በባዶ እጁ ነው። እኔን የጠበቀኝ ምክር እሱንም ሊጠብቀው ይገባል። የተቆረጠውንም የሚያስቀምጡት የውሃ ቧንቧው ሥር፣ ገዢ እጁን በሚታጠብበት ቦታ ነው። ይህ ዛሬውኑ መነሳት አለበት።

ሦስተኛ፣ የሚሸጡት ጓንት የጨርቅ ነው። ለጽጌረዳ እሾህ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ ለወተት ግን ከባዶ እጅ የባሰ ነው፤ ይመጠውና ከቆዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የላስቲክ ጓንት ከሌላ ቦታ ግዙ። አጥር ለምታስከረክሙ ደግሞ መነጽርና ረጅም እጅጌ ሳይኖር ሠራተኛችሁን መሰላል ላይ አታውጡት።

ዋጋው ከአካባቢው መሸጫዎች ትንሽ ወደድ ይላል፤ ችግኙ ግን ሥሩ የጠነከረ ነው፣ አይደርቅባችሁም። ሰው አይበዛም፣ ጋሼም ለመናገር አይቸኩሉም። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አምስተኛውን ወረቀቱ ሲለጠፍና የልጁ እጅ ጓንት ሲያገኝ እጨምራለሁ። እሑድ ጠዋት ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የተክሉን ስም ሳይሆን የት እንደምትተክሉትና ቤታችሁ ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።