ጀሞ ላይ ፊቴን ያየችልኝ ልጅ

ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከሲያትል የመጣሁት ጥር መግቢያ ላይ ነው። ሲያትል ዝናብ የማይለያት፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማትል ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ደረቁ የበጋ አየርና የጀሞ አቧራ ሲጨመርበት፣ ሳምንት ሳይሞላኝ ጉንጬ ብጉር አወጣ፣ የአፍንጫዬ ዳርና ዳር ተላጠ። ድሮም ቆዳዬ አመለኛ ነው።

የሠርጉ ቀን ቤተሰብ ቀጠሮ ያስያዘልኝ አንድ ትልቅ የውበት ሳሎን ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ፊቴን ልብ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ከሜካፕ በፊት የሚቀባውን ፕራይመር በተላጠው ቆዳዬ ላይ በብሩሽ ፈተጉት፤ ወዲያው የቆዳ ቀለም ያለውን ፋውንዴሽን ደረቡበት። ምሳ ሳይቀርብ አገጬ ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይነሳ ጀመር። ያቃጥለኝም ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቼ የመጣሁበት ሠርግ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን አንገቴን ደፍቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ ለመልሱ ጎረቤታችን ሜካፕ ወደምትሠራ አንዲት ልጅ ወሰደችኝ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ የያዘች ቤት ናት። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ልጅቷ ወንበሩን ወደ በሩ አወጣችውና ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ትናንት ምን ነበር የቀቡዎት?» አለችኝ።

በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጉንጬ ላይ አሳረፈች። ቀጥላ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቀባችኝና ቆዳው እስኪጠጣው አሥር ደቂቃ ተወችኝ። እስከዚያው ፕራይመሩን መንጋጋዬ ሥር ጠብ አድርጋ ሞከረችው። የሲሊኮን ፕራይመር ላይ በውሃ የተሠራ ፋውንዴሽን ሲደረብ ብዙ ጊዜ እንደማይያያዝ የነገረችኝ ያኔ ነው። የእሷ በውሃ የተሠራ፣ ግሊሰሪንና ኒያሲናማይድ ያለበት ነው። ግሊሰሪኑ እርጥበት ይይዛል፤ ኒያሲናማይዱ የተቆጣ ቆዳ ያረጋጋል። የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ወስዳ፣ ሳትፈትግ፣ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አዳረሰችው።

ከአሜሪካ ይዤው የመጣሁትን አረንጓዴ ፕራይመር አሳየኋት።

«ይሄ የቀላ ፊት ነው የሚያስተካክለው» አለች። «የእርስዎ ብጉር ግን ጥቁር ነጥብ ነው የተወው።» ነጥቦቹ ላይ ብቻ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ማስተካከያ ስስ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችልኝ። አሜሪካ ሳለሁ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ፕራይመር አያድንም፣ የእኔ እናት» አለችኝ ስትጨርስ። ፀሐዩ እዚህ ከፍታ ላይ ስለሚበረታና ነጥቡን ስለሚያጠቁረው ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን፣ እንዳልረሳ አደራ አለችኝ። ሰው ያመጣውን ስቴሮይድ ያለበት ማቅሊያ ክሬም እንዳልነካም አጥብቃ ነገረችኝ። ካልተሻለኝ ለቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል ከጀሞ ሩቅ አይደለም አለችኝ። ሜካፕ ሸጣ የምታድር ልጅ ሐኪም ጋ ሂጂ ስትለኝ ልቤ ተነካ።

ዋጋውን ቀድማ ነገረችኝ፤ ከጎረቤቴ የምትቀበለውን ያህል ነው። ከውጭ መጥታለች ብላ አልጨመረችብኝም።

መልሱ እስከ ማታ ቆየ። ጨፈርኩ፣ ላበኝ፣ ፊቴ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቤት ገብቼ ስታጠብም አላቃጠለኝም። ለቅልቅሉ እህቴን ይዣት ሄድኩ፣ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ።