የለንደኑ መዝጊያ ምሽት፣ ሐዋሳ አቶቴ ሳሎን ውስጥ

የእንቁጣጣሽ ጠዋት አራት ልጃገረዶች በራችንን አንኳኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ አደይ አበባ ይዘዋል። ከበሮ ግን የላቸውም። ትልቋ ልጅ ከቦርሳዋ ትንሽ ስፒከር አወጣችና ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «አበባየሆሽ» ከስፒከሩ ወጣ። እነሱ ያጨበጭባሉ። እኔ የሙዚቃ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ልጆች ሳዘምር ነው። ሆዴን ባር ባር አለኝ። «ልጆቼ፣ እሱን ዝጉትና በራሳችሁ ድምፅ ዘፍኑልኝ» አልኳቸው። ዘጉት። ግጥሙን የምታውቀው አንዷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ተቀበሏት። እኔም የበሩን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ መታሁላቸው።

ይህን ያነሳሁት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ዝግጅት ነው፤ ፕሮምስ ስለሚባለው የለንደን የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል የመዝጊያ ምሽት። ፌስቲቫሉ ስምንት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከ70 በላይ ኮንሰርቶች አሉት። መዝጊያው ከእኛ አዲስ ዓመት አጠገብ ነው የሚውለው። ዛሬ የምጽፍበት መስከረም 3 ቀን 2018 የዋለው ነው። ሙሉውን አንድ ላይ አላየሁትም። የእህቴ ልጅ የዚያን ዓመቱንም የድሮዎቹንም ቁርጥራጭ ከዩቲዩብ አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ የእኛ ካላልኩ በስተቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ ተማሪዎቼን ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ካፌ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ትልቅ ስክሪን አላቸው። ባለቤቱም «ችግር የለም መምህር፣ ቅዳሜ ማታ ይምጡ፣ እከፍትልዎታለሁ» ብሎኛል። ስድስት ልጆች ይዤ ስደርስ ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝ ኳስ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ባለቤቱ ዓይኔን ማየት አፈረ። ዓሣ ጉላሻችንን በልተን በሁለት ባጃጅ ወደ ቤቴ ተመለስን። ፍላሹን የሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ፕሮምስ የተጀመረው በ1895 ለንደን ውስጥ ኩዊንስ ሆል በሚባል አዳራሽ ነው። ሮበርት ኒውማን የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሄንሪ ዉድ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ኦርኬስትራውን እንዲመራ አደረገ። የኒውማን ሐሳብ ቀላል ነው፦ ትኬቱ ርካሽ ይሁን፤ ሰው እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየተንሸራሸረ ሙዚቃውን ይልመድ። በ1927 ቢቢሲ ተረከበው። በ1941 አዳራሹ በጀርመን ቦምብ ወደመና ፌስቲቫሉ ወደ ሮያል አልበርት ሆል ዞረ። የዉድ ሐውልት ከፍርስራሹ ተርፎ ዛሬም በየክረምቱ መድረኩ ላይ ይቆማል። በመዝጊያው ምሽት የአበባ ጉንጉን ያጠልቁለታል፤ ላቡንም በመሐረብ ይጠርጉለታል። የነሐስ ሐውልት ላብ! ይህቺን ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ሥራውን እንዳልጨረሰ ሰው ነው የሚያዩት።

ርካሽ ቦታው እስከ ዛሬ አለ። በ2025 የቆመ ሰው 8 ፓውንድ ይከፍል ነበር። የእኛ ስታዲየም ሚስማር ተራ ከሁሉም የራቀ ነው። እዚያ ግን ሚስማር ተራው ኦርኬስትራው አፍንጫ ሥር ነው። ውድ የከፈለው ከኋላና ከላይ ይቀመጣል። ምሽቱን ምሽት የሚያደርጉት እነዚህ ቋሚዎች ናቸው።

ልጆቹን በመጀመሪያ ያሳየኋቸው ሄንሪ ዉድ በ1905 ያቀናበረውን የባሕርተኞች ዜማዎች ስብስብ ነው። የትራፋልጋር የባሕር ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲከበር ነው የሠራው። አንድ ቦታ ላይ ቼሎ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ የአውታር መሣሪያ፣ ብቻውን የሐዘን ዜማ ይጫወታል። አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ቋሚዎቹም መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እያስመሰሉ ነው፤ ግን ዜማው እውነት ያሳዝናል። ወዲያው ደግሞ የመርከበኞች ጭፈራ ይመጣል። በቀስታ ይጀምራል። ሕዝቡ በጭብጨባ ይገባበታል፣ በእግሩም ይረግጣል። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አሁንም ይጨምራል። ሕዝቡ ኦርኬስትራውን ሊቀድም ይሞክራል፣ መሪው ደግሞ እንዳይቀደም ይጋልባል። ቫዮሊኖቹ ላይ ቀስቱ አይታይም፣ ጥላው ብቻ ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ቫዮሊን የጀመረች ልጅ፣ ቀኝ እጇን ሳታውቀው ጉልበቷ ላይ ስታመላልስ አየኋት።

ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን ስሜት ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ሂዱ። ቄጣላው፣ የሲዳማ የኅብረት ጭፈራ፣ ሲጀምር መሬቱ ራሱ ከእግራችሁ ሥር ይመታል። ዩኔስኮ በ2015 የመዘገበው በዓል ነው፤ ጉዱማሌ የቆመ ሰው ግን ምዝገባ ትዝ አይለውም። ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው የለንደኑ ዝግጅት ከሌላው የክላሲካል ኮንሰርት ሁሉ የበለጠ ለእኛ የሚቀርበን ብዬ የማምነው። እዚያ አዳራሽ የገባ ሰው ሊዘፍን ነው የመጣው።

ታዲያ በየዓመቱ የሚጨቃጨቁት በምንድን ነው? በዘፈኖቹ። ከመጨረሻዎቹ ውስጥ የኤልጋር ማርሽ አለ፤ የታናሽ ወንድሜ የምረቃ ቪዲዮ ማጀቢያ ስለነበር ቤተሰባችን በቃሉ ያውቀዋል። የፓሪ «ጄሩሳሌም» አለ። «ሩል ብሪታኒያ» አለ። ብዙ ሰው ይህ ተርታ ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። የኤልጋር ማርሽ የ1901 ነው፤ «ጄሩሳሌም» የ1916። መዝጊያው በቴሌቪዥን የታየው ደግሞ ከ1947 ጀምሮ ነው። ማልኮም ሳርጀንት የሚባለው መሪ ነው ከካሜራው ጋር አብሮ ሥርዓቱን ያስያዘው። አንዳንዱ አያት ከዚህ «ወግ» በዕድሜ ይበልጣል።

ወጉ የተሰበረባቸውን ዓመታት ከተሟላባቸው ይልቅ እወዳቸዋለሁ። የ2001ን ውሰዱ። የእኛ እንቁጣጣሽ 1994 ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡና ሊፈላ ሲል ዲሽ ያለው ጎረቤታችን ሮጦ መጣና ጠራን። የኒውዮርክ ሕንጻዎች ሲነዱ በበዓል ልብሳችን ቆመን አየን። ከአራት ቀን በኋላ መዝጊያው ምሽት ነበር። መሪው ሊዮናርድ ስላትኪን አሜሪካዊ ነው። የባሕርተኞቹ ዜማና «ሩል ብሪታኒያ» ቀሩ። በምትካቸው የሳሙኤል ባርበርን አዳጆ (ዝግ ያለ ሥራ) ለአውታር መሣሪያዎች፣ ከዚያም የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መጨረሻ ተጫወቱ። አዳጆውን ተመልከቱት። ቫዮሊኖቹ ከፍ እያሉ፣ ከፍ እያሉ ይሄዱና ድንገት ዝም ይላሉ። ዝምታውን ሰዓት ይዛችሁ ስሙት። ስላትኪን እጁን አላወረደም። እኔ ከፍላሹ ውስጥ አንድ ብቻ አስቀሪ ብባል ይህን ነው የማስቀረው። በ2022 ደግሞ ንግሥቲቱ በማረፏ ምሽቱ ጨርሶ ተሰረዘ። የእኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜ 5 ነበር።

የ2020ውን ግን ረጋ ብለን እንየው። ኮሮና ነው፤ አዳራሹ ባዶ ነው። «ሩል ብሪታኒያ» የተጻፈው በ1740 ነው። ብሪታኒያውያን መቼም ባሪያ አይሆኑም ይላል ግጥሙ። ያኔ የእንግሊዝ መርከቦች አፍሪካውያንን በባርነት ጭነው አትላንቲክን ያቋርጡ ነበር። እኔ አፍሪካዊት ነኝ፤ ያንን ስንኝ አልዘፍነውም፣ ተማሪዎቼንም አላስዘፍናቸውም። ዜማው ያምራል፣ ቃሉ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ቢቢሲ መጀመሪያ በመሣሪያ ብቻ ይቀርባል አለ። ጩኸት ተነሳ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠና በጥቂት ዘማሪዎች ተዘፈነ። ስድቡ የወረደው ግን ኦርኬስትራውን በምትመራው በዳልያ ስታሴቭስካ ላይ ነው። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

ያ ሁሉ ጩኸት የሸፈነው ነገር አለ። በዚያው ምሽት «ጄሩሳሌም» በአዲስ ቅንብር ቀርቧል። የሠራችው ቤሊዝ የተወለደችው ኤሮሊን ዋለን ናት። ከጦርነቱ በኋላ ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ ለመጡት ስደተኞች መታሰቢያ አደረገችው። ዘፋኟ ደቡብ አፍሪካዊቷ ጎልዳ ሹልትዝ ነበረች። ዜማው እዚያው አለ፣ ታውቁታላችሁ። ከሥሩ ያለው የድምፆች ውህደት ግን ተቀይሯል። እናትህ ቤት ገብተህ የቤት ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀይሮ እንደማግኘት ነው፤ ቤቱ ግን የእናትህ ነው። ሦስቴ አስደገምኩት። ወግ ሲለወጥ እንዲህ ቢለወጥ ምኞቴ ነው።

ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። የተማሪዎቼ የዓመቱ መዝጊያ ሰኔ ላይ ነው። ሁልጊዜ በአንድ የምስጋና መዝሙር ነው የምንዘጋው። አንድ ዓመት ሰልችቶኝ አወጣሁትና በአዲስ ተካሁት። ልጆቹ ግሩም አድርገው ዘመሩት። ሲያልቅ የአንዷ ተማሪ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ያቺን መዝሙር የት ጣልሻት?»

«እማማ፣ ለለውጥ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ እሷን ልዘምር ነው ከቱላ ድረስ የመጣሁት።»

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓመት መዝሙሩን መለስኩት። ልጆቹ ግን በሦስት ድምፅ ዘመሩት፤ መሐል ላይም አዲስ ስንኝ አስገባንበት። እማማ የድሮውን ድምፅ ይዘው ከፊት ወንበር አብረው ዘመሩ።

አሁን ወደ 2025ቱ ልምጣ። መሪዋ ሆንግ ኮንግ የተወለደችው ኤሊም ቻን ናት። ማሪን አልሶፕ በ2013 የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ይህን ምሽት ከመራች ወዲህ የሴት መሪ ዜና መሆኑ ቀርቷል። ቻን በትር አትይዝም፤ በባዶ እጇ ነው የምትመራው። ጣቶቿን ስታዩ ሙዚቃው ይነበባል። ቢል ቤይሊ የሚባለው ኮሜዲያን የጽሕፈት መኪና እንደ ሶሎ መሣሪያ ተጫወተ፤ የሌሮይ አንደርሰን ሥራ ነው። የፍርድ ቤት በር ላይ የማመልከቻ ጸሐፊዎችን መኪና እየሰማሁ ስላደግኩ ያ ቀጭ ቀጭ የልጅነቴ ምት ነው። ልጆቹ መኪናውን በዓይናቸው አይተው ስለማያውቁ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ደግሞ በወጣ በ50 ዓመቱ በትልቅ ኦርኬስትራና ኳየር ቀረበ። ዘፈኑ የኩዊን፣ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ፣ ነው፤ የባንዱ ሁለቱ አንጋፋዎች፣ ብሪያን ሜይና ሮጀር ቴይለር፣ ራሳቸው መድረክ ላይ ነበሩ። ሮክ በክላሲካል መዝጊያ ላይ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። እኔ ኳየሩን ነው ያዳመጥኩት። ዘፈኑ ከመጀመሪያውም ለብዙ ድምፅ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ሲዘመር ቤቱን ያገኘ ይመስላል።

ቅሬታዬ ካሜራው ላይ ነው። ቼሎው ሲያለቅስ ካሜራው ተጫዋቹን ትቶ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሰውዬ ላይ ይሄዳል። ለተማሪ ማሳየት የፈለግኩት የቀስት እጅ በሁለት ሰከንድ ያልፋል። ባንዲራ ደግሞ በዛ። የየአገሩ ባንዲራ ሲውለበለብ ደስ ይላል፤ ግን ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትጫወተዋን ፊት እስኪሸፍን አይደለም። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀነስኩ። ከአምስት አራት። ልታዩ ካሰባችሁ በስልክ ድምፅ አትዩት፤ ጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ስፒከር ፈልጉ። ከ2001 አዳጆ ጀምሩ፣ የዋለንን «ጄሩሳሌም» አስከትሉ። የመርከበኞቹን ጭፈራ ግን ብቻችሁን አትዩት።

እኛ ያን ቅዳሜ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትነው እሱን ነበር። ስድስቱም ልጆች ተነስተው ቆመዋል። ጭብጨባው ገና መፍጠን ሲጀምር መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ሳሎኑ ድቅድቅ አለ። ጭብጨባው አልቆመም። ቫዮሊኗ ልጅ ዜማውን በአፏ ቀጠለችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እየፈጠኑ፣ እየሳቁ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ጊዜ ደገሙት።